ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ፡ እረኛውን ከሲምፎኒ ኦርኬስትራ ፊት ያቆሙ የሙዚቃ ሰው

ዛሬ ለጉዳይ ወደ ልደታ የሚመላለስ ባለጉዳይ ከፍርድ ቤቱ፣ ከጋራ መኖሪያ ሕንፃዎቹና ከቀላል ባቡሩ ጣቢያ ሌላ ብዙም ትኩረቱን የሚስብ ነገር ላያገኝ ይችላል። ይሁንና ይህ አካባቢ ለረጅም ጊዜ የመዲናይቱ የአየር በር ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1946 ሥራውን ሲጀምር መነሻውም መድረሻውም የልደታ አውሮፕላን ማረፊያ ሲሆን፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የጄት አውሮፕላኖች መጥተው የቦሌ ማረፊያ እስኪከፈት ድረስ በአየር ከአገር የሚወጣው መንገደኛ የሚሸኘው ከዚሁ ሥፍራ ነበር። ኦልድ ኤርፖርት የሚለው የሰፈር ስም የዚያ ዘመን ቅሪት ነው።

በእነዚያ ዓመታት ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ውጭ ይሄዱ ከነበሩት ወጣቶች መካከል አብዛኞቹ ሕግ፣ ሕክምና፣ ምሕንድስና ወይም አስተዳደር አጥንተው ሲመለሱ በየመሥሪያ ቤቱ ወንበር ይጠብቃቸው ነበር። ሙዚቃ ለመማር ባሕር ማቋረጥ ግን ለዘመድ አዝማድ ለማስረዳት የሚያስቸግር ጉዳይ ነበር። ማሲንቆና ክራር የሚጫወት ሰው በሠርግና በግብር ቤት ቢወደድም አዝማሪ ተብሎ ዝቅ ተደርጎ የሚታይ ባለሙያ እንጂ ዲግሪ የሚይዝበት ምሁር ነው ብሎ የሚያስብ ጥቂት ነው። ይህን አመለካከት በትምህርትም በተግባርም ከተፈታተኑት ኢትዮጵያውያን መካከል ስማቸው ቀድሞ የሚጠራው ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ ናቸው።

ፕሮፌሰር አሸናፊ የተወለዱት በአዲስ አበባ ሚያዝያ 29 ቀን 1930 ዓ.ም. ነው። ከተማዋ በወቅቱ በፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ ሥር የምትገኝ ሲሆን ነፃነት ሲመለስ ሕፃኑ ገና ሦስት ዓመቱ ነበር። የልጅነት ዘመናቸው የአዲስ አበባ ድምፆች ዛሬም ድረስ በዕድሜ ለገፉ ነዋሪዎች የሚታወሱ ናቸው። ሌሊት የቤተ ክርስቲያን ማኅሌት፣ በበዓል ቀን ከበሮና ጸናጽል፣ በዐቢይ ጾም የበገና እርግጫ፣ በየጠጅ ቤቱ ማሲንቆ፣ በአደባባይ ደግሞ ወታደራዊ ማርሽ ይሰማል። እነዚህ ድምፆች እርስ በርሳቸው እምብዛም አይገናኙም። ማርሹ የቤተ መንግሥት፣ ዜማው የቤተ ክርስቲያን፣ ማሲንቆው የጠጅ ቤት ነበረና ነው።

የምዕራባውያን የሙዚቃ መሣሪያዎች ወደ አገራችን የገቡት በመንግሥት በር መሆኑ ለዚህ መለያየት አንዱ ምክንያት ነው። ከዐድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ኒኮላስ ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ የላኳቸው የነሐስ መሣሪያዎች የመጀመሪያውን ባንድ አስገኙ። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን እ.ኤ.አ. በ1924 ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ ያገኟቸውና አርባ ልጆች በመባል የሚታወቁት አርመናውያን ወጣቶች ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር አዲስ አበባ ገብተው ያንን ሥራ አሳደጉት። ከነፃነት በኋላ ደግሞ የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስ፣ የጦር ሠራዊትና የማዘጋጃ ቤት የሙዚቃ ክፍሎች እየተደራጁ ሄዱ። በ1948 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት ሲከበር የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም ተመርቆ የራሱ ኦርኬስትራ እንዲኖረው ተደረገ። መሪዎቹና አሠልጣኞቹ በአብዛኛው የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። ኢትዮጵያውያን ነፍተዋል፣ መትተዋል፣ ገዝግዘዋል፤ በትሩን የሚይዘውና ኖታውን የሚጽፈው ግን በአመዛኙ ከውጭ የመጣ ነበር።

ወጣቱ አሸናፊ በዚህ ሁኔታ ውስጥ አድገው ለከፍተኛ ትምህርት ወደ አሜሪካ በማቅናት በኒውዮርክ ግዛት በሮቼስተር ከተማ በሚገኘው የኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገቡ። ትምህርት ቤቱ የኮዳክ ኩባንያ መሥራች በሆነው በጆርጅ ኢስትማን ገንዘብ የተቋቋመ ሲሆን፣ የሮቼስተር ፊላርሞኒክ ኦርኬስትራ የሚጫወትበት ግዙፍ የቴአትር አዳራሽ ከዚያው ጋር ተያይዞ የተሠራ ነው። በወቅቱ ትምህርት ቤቱን ይመሩ የነበሩት ሃዋርድ ሃንሰን ራሳቸው የሙዚቃ ደራሲና የኦርኬስትራ መሪ ሲሆኑ፣ የአሜሪካ ሙዚቃ የአውሮፓ ግልባጭ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር በመከራከር የታወቁ ናቸው። ከአዲስ አበባ ለሄደ ተማሪ ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም። ኦርኬስትራውን ከፎቶግራፍ ወይም ከሬዲዮ ሳይሆን ከአዳራሹ ወንበር ላይ ተቀምጦ ለማወቅ የሚያስችል ቅርበት ነበርና።

እዚህ ላይ ሲምፎኒ ኦርኬስትራን በአካል ተገኝቶ ማዳመጥ ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ ጥቂት ማለት ተገቢ ይሆናል፤ የፕሮፌሰር አሸናፊ የሕይወት ጥረት ያለዚህ አይገባምና።

ሙሉ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ከሰባ እስከ መቶ የሚደርሱ ተጫዋቾች ያሉት ሲሆን፣ ከግማሽ የሚበልጡት ቫዮሊን፣ ቪዮላ፣ ቼሎና ደብል ባስ የሚገዘግዙ የክር መሣሪያ ተጫዋቾች ናቸው። ከእነርሱ ጀርባ ፍሉት፣ ኦቦ፣ ክላሪኔትና ባሱን፣ ከዚያም ሆርን፣ ትራምፔትና ትሮምቦን፣ መጨረሻ ላይ የከበሮ ወገን ይቀመጣሉ። ዝግጅቱ ሲጀመር ኦቦው አንድ ድምፅ ይሰጣል፤ ሁሉም ያንን ድምፅ እየፈለገ መሣሪያውን ይቃኛል። አዳራሹ ለጥቂት ጊዜ እንደ ንብ ቀፎ ይጮኻል። ከዚያ በኋላ ጸጥታ ይሆናል። መሪው እጁን ሲያነሣ አዳማጩ ሳያውቀው ትንፋሹን ይይዛል። ይህ ቅጽበት በየትኛውም ሸክላ ላይ አይቀረጽም፤ ቢቀረጽም የሚሰማው ዝምታ ብቻ ነው።

በሬዲዮ ሙዚቃ ከአንድ ጥግ ይመጣል። በአዳራሽ ግን ከየአቅጣጫው ይደርሳል። ቫዮሊኖቹ ከግራ ሲጀምሩ ቼሎዎቹ ከቀኝ ይመልሱላቸዋል። የደብል ባሶቹ ድምፅ ከጆሮ ይልቅ በእግር ሥር ባለው ወለልና በደረት ውስጥ ይሰማል፤ ከበገና አጠገብ ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው ይህን ስሜት በሚገባ ይረዳዋል። ሰባ ሰው በአንድነት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲጫወት የሚፈጠረው ልስላሴ አንድ ሰው ብቻውን ዝቅ አድርጎ ከሚጫወተው ፈጽሞ የተለየ ነው፤ ብዙ ኃይል ታምቆ በፈቃዱ ዝም ማለቱ ይታወቃልና። ያ የታመቀ ኃይል ሲለቀቅ ደግሞ ቆዳ ይሸማቀቃል፣ ዓይን ያለ ምክንያት እንባ ያቀርራል። ሰዎች በሐዘን ያለቀሱ ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን ምን እንዳሳዘናቸው ቢጠየቁ መልስ አይኖራቸውም።

ኢትዮጵያውያን ለእንዲህ ዓይነቱ ተመስጦ እንግዶች አይደሉም። በስድስተኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ቅዱስ ያሬድ በአፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲያዜም ንጉሡ የያዙት ጦር ሳይታወቃቸው የሊቁን እግር እንደወጋውና ደም እየፈሰሰ ዜማው እስኪያበቃ ድረስ ሁለቱም እንዳላስተዋሉ ትውፊቱ ይተርካል። በዓለም ላይ ስለ ሙዚቃ ማዳመጥ ከተነገሩ ታሪኮች መካከል ይህን የሚተካከል ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ተመስጦው የዘማሪው ብቻ ሳይሆን የአዳማጩም መሆኑን የሚናገር ነውና።

ዋናው ልዩነት በመሣሪያ ሙዚቃችን አደረጃጀት ላይ ነው። አዝማሪው ብቻውን ይጫወታል፣ በገና ደርዳሪው ብቻውን ይጸልያል፣ እረኛው በተራራ ላይ ብቻውን ዋሽንቱን ይነፋል። ብዙ ሆኖ በአንድነት መጫወት በሰፊው የሚታየው በማኅሌት፣ በወረብና በየብሔረሰቡ የቡድን ጭፈራ ነው። እምቢልታ ደግሞ ለኦርኬስትራ ሐሳብ የሚቀርብ አስደናቂ ምሳሌ ነው። ሦስት ነፊዎች እያንዳንዳቸው ጥቂት ድምፅ ብቻ ይዘው እየተቀባበሉ አንድ ዜማ ይሠራሉ፤ ሙሉው ዜማ በአንዳቸውም እጅ የለም። በሲምፎኒ ኦርኬስትራ ውስጥ ያለው ተጫዋችም እንዲሁ ነው፤ ከመቶው ወረቀት አንዱን ብቻ ይዟል።

አሸናፊ ከበደ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን እ.ኤ.አ. በ1962 ከተቀበሉ በኋላ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ዕድሜያቸው 24 ዓመት ነበር። ቀጥሎ በነበሩት ዓመታት የያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤትን በማቋቋም የመጀመሪያው ዲሬክተር ሆነው አገልግለዋል። ለትምህርት ቤቱ የተሰጠው ስም ራሱ አቋም ያለው ነው። ኖታ፣ ፒያኖና ቫዮሊን የሚያስተምር ተቋም በአውሮፓዊ ሊቅ ስም ቢጠራ የሚቃወም ብዙ ሰው ባልኖረ ነበር። የዜማ ምልክቶችን በመድረስ ከአውሮፓ የኖታ አጻጻፍ በፊት ስሙ በሚነሣው ሊቅ መጠራቱ ግን ተማሪው ወደ ክፍል ሲገባ ከባዶ እንደማይነሣ የሚያስታውስ ነው። ተቋሙ ከጊዜ በኋላ ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንትና በገናን ከምዕራባውያኑ መሣሪያዎች ጋር ጎን ለጎን የሚያስተምር፣ ዛሬም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኝ አንጋፋ የሙያ ማዕከል ሆኗል።

አዲስ መሥሪያ ቤት ያቋቋመ ኃላፊ ሁሉ እንደሚያውቀው የዲሬክተር ቀን በሐሳብ ብቻ አይሞላም። መምህራን መቅጠር፣ ሥርዓተ ትምህርት መቅረጽ፣ መሣሪያ ማስመጣት፣ በጀት ማስፈቀድ አለ። የሙዚቃ ትምህርት ቤት ደግሞ ከሌላው የሚለይበት አንድ ችግር አለው፤ ውጤቱ በቶሎ አይታይም። ዕድሜው ከአሥር ያልበለጠ ልጅ ቫዮሊን ይዞ በኦርኬስትራ ውስጥ የሚቀመጥ ባለሙያ እስኪሆን ድረስ አሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ይጠይቃል። ኦቦና ባሱን ደግሞ መምህሩም ተማሪውም በጥቂቱ የሚገኝባቸው ናቸው። ሲምፎኒ ኦርኬስትራ የሚሠራው ከእንዲህ ዓይነት ልጆች ሰባና ሰማንያ የሚሆኑት በአንድ ጊዜ ሲበስሉ ነው። ወታደራዊ ባንድ በትእዛዝና በጥቂት ዓመታት ሥልጠና ሊቆም ይችላል፤ ኦርኬስትራ ግን እንደ ወይራ ዛፍ ቀስ ብሎ የሚያድግ ነው። የያሬድ ትምህርት ቤት መቋቋም እንግዲህ ለአንድ ትውልድ ተክሎ ለሚቀጥለው ትውልድ የሚያጭዱበት ዓይነት ሥራ ነበር።

ፕሮፌሰር አሸናፊ በዚያ ወቅት በዘርፉ ብዙ ኢትዮጵያዊ ያላገኘውን ዕድል ያገኙት በውጭ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ወደ ሃንጋሪ ተጉዘው የሃንጋሪን መንግሥት ኦርኬስትራ መሩ። ከሥራዎቻቸው ሁሉ ይበልጥ የሚታወቀው እረኛው ባለዋሽንት የተሰኘው የኦርኬስትራ ድርሰትም የእነዚያው ዓመታት ፍሬ ሲሆን፣ በዚሁ ኦርኬስትራ ተጫውቶ በድምፅ ተቀርጿል።

ቦታው ሃንጋሪ መሆኑ ያለ ትርጉም አይደለም። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቤላ ባርቶክና ዞልታን ኮዳይ የተባሉ ሁለት የሃንጋሪ ሙዚቀኞች ፎኖግራፍ ተሸክመው በየመንደሩ እየዞሩ የገበሬውን ዘፈን ሰብስበው ነበር። በቪየና ወግ የተማረው የከተማ ሰው እንደ ተራ ነገር ይቆጥረው የነበረውን ዜማ ወደ ኦርኬስትራ አምጥተው የአገራቸው ኩራት አደረጉት። ኮዳይ ከዚህም አልፈው የሙዚቃ ትምህርት ሕፃኑ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ከሚዘፍነው የሕዝብ ዜማ መጀመር እንዳለበት በማስተማር ዓለም የተቀበለውን ዘዴ ትተዋል። ኮዳይ ያረፉት በዚያው በ1967 መጋቢት ወር ውስጥ ነው። ከኢትዮጵያ የሄዱት ወጣት መሪ በአገሬው ዘንድ ከእኚሁ ሰው ጋር እየተነጻጸሩ ጥቁሩ ኮዳይ የሚል ቅጽል ስም እንደወጣላቸው በሕይወት ታሪካቸው ተመዝግቧል። ቆዳን የሚጠቅስ ቅጽል ለዛሬ ጆሮ ሊጎረብጥ ይችላል። ሃንጋሪዎች ግን የራሳቸውን ትልቅ ሰው ስም ለእንግዳ በቀላሉ የሚያውሱ አይመስለንም።

በድርሰቱ ርእስ ውስጥ ያለው ሐሳብ ቀላል ይመስላል። እረኛ በአገራችን ዋሽንት የሚነፋው ለአዳማጭ ብሎ አይደለም። ከብቶቹ እንዳይበተኑ፣ ቀኑ እንዲያጥርለት፣ ከወዲያኛው ተራራ ያለው ጓደኛው እንዲሰማው ነው። መሣሪያው ብዙውን ጊዜ አራት ቀዳዳ ያለው ሸምበቆ ሲሆን ዜማውም በአምስት ድምፅ በተዋቀሩት ቅኝቶቻችን ውስጥ ይመላለሳል። ይህን ብቸኛ ሰው በእንግዳ አገር አዳራሽ ውስጥ በሰባ ሰው ኦርኬስትራ ፊት ማቆም ድፍረት ይጠይቃል። የኦርኬስትራው ብዛት እረኛውን ሊውጠው ይችላል። የአውሮፓ የስምምነት ሕግ ያለ ጥንቃቄ ከተጫነ ደግሞ የቅኝቱ ጠረን ይጠፋና የእኛነቱ በርእሱ ላይ ብቻ ይቀራል። ፕሮፌሰር አሸናፊ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ምን ዓይነት አወቃቀር እንዳላቸው እንደ ተመራማሪ ያጠኑ በመሆናቸው ይህን አደጋ ከማንም በላይ ያውቁት ነበር። ሥራውን የሚያዳምጥ ኢትዮጵያዊ ስለ ሲምፎኒ ምንም ሳያውቅ አገሩን የሚያገኝበት ለዚህ ነው።

በኦርኬስትራ አዳራሽ ውስጥ ድምፁ ከሁሉም በላይ በኃይል የሚሰማው በመሪው ቦታ ላይ ነው። ቫዮሊኖቹ በክንድ ርቀት ላይ ናቸው፤ የነሐሱ ድምፅ ፊት ለፊት ይመጣል። በወረቀት ላይ በእርሳስ የተጻፈው ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥጋ ለብሶ ሲነሣ ደራሲው ራሱ መሪ ከሆነ ከዚህ የሚያመልጥበት መንገድ የለውም፤ እጁን ማቆም አይችልምና። የ29 ዓመቱ አሸናፊ ከበደ በሃንጋሪ ተጫዋቾች መካከል ቆመው የአገራቸውን እረኛ ሲሰሙ የተሰማቸውን እርሳቸው ብቻ ያውቁታል። አንድ ነገር ግን ግልጽ ነው፤ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ዋሽንት ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማ ያደገ አዳማጭ ከእርሳቸው ሌላ ቢኖር በጣት የሚቆጠር ነበር።

የብዙዎቻችን ትውውቅ ከሥራው ጋር በድምፅ ቅጂ በኩል ነው። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ በልጅነቱ ልደታ አካባቢ በአንድ ሻይ ቤት መደርደሪያ ላይ ከተቀመጠች ሬዲዮ የኦርኬስትራ ሙዚቃ ሲሰማ ነገሩ ያ ብቻ ይመስለው ነበር። የሬዲዮዋ ድምፅ ማጉያ የቡና ስኒ ማስቀመጫ ያህል ነበር፤ ደብል ባስ የሚባል ነገር በእርስዋ በኩል አልፎ አያውቅም። ከብዙ ዓመታት በኋላ በሜክሲኮ አደባባይ በኩል በእግር ወጥቶ በአንድ አዳራሽ ውስጥ ሠላሳ የማይሞሉ የክር መሣሪያ ተጫዋቾችን ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት ሰማ። ሙሉ ኦርኬስትራ እንኳ አልነበሩም። ሆኖም የመጀመሪያው ግዝገዛ ሲነሣ የወንበሩን ክንድ ጨብጦ ነበር። አጠገቡ የተቀመጡ ሙሉ ልብስ የለበሱ አንድ አዛውንት፣ ምናልባትም ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ፣ መነጽራቸውን አውልቀው በመሐረብ ጠረጉ፤ ከዚያም መነጽሩን መልሰው ሳያደርጉ እስከ ፍጻሜው በእጃቸው እንደያዙት ቆዩ። ሲወጡ ስለ ሙዚቃው አንዳች አላነሡም፤ ስለ ታክሲ ጠየቁ።

ወደ ፕሮፌሰር አሸናፊ እንመለስ። ከቡዳፔስቱ ጉዞ በኋላ ብዙም ሳይቆዩ እ.ኤ.አ. በ1968 የዲሬክተርነታቸው ጊዜ አብቅቶ ለተጨማሪ ትምህርት ወደ አሜሪካ ተመለሱ። በኮኔቲከት ግዛት የሚገኘው ዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ የአውሮፓን ሙዚቃ ከሌላው ዓለም ሙዚቃ ጋር በእኩል ዓይን በማጥናት ስም ያተረፈ ነበር። በዚያም በ1969 የማስተርስ፣ በ1971 ደግሞ በኢትኖሙዚኮሎጂ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። የዶክትሬት ጥናታቸው ስለ ኢትዮጵያ ሙዚቃ እድገትና ባህላዊ መሠረት የሚያትት ነው።

የኦርኬስትራ መሪ የነበሩት ሰው ከዚህ በኋላ አብዛኛውን ጊዜያቸውን ያዋሉት በጽሑፍ ላይ ነው። ስለ ክራር፣ ስለ አዝማሪዎች ኪነትና ማኅበራዊ ኑሮ፣ በክርስቲያኑና በቤተ እስራኤል ማኅበረሰብ ዘንድ ስላለው የአምልኮ ዜማ የጻፏቸው ጥናቶች በታወቁ ዓለም አቀፍ መጽሔቶች ወጥተዋል። የአዝማሪዎችን ጨዋታ በመስክ ቀርጸው በሸክላ እንዲታተም አድርገዋል። በ1982 ደግሞ በአፍሪካና በአሜሪካ ያሉ ጥቁር ሕዝቦችን የሙዚቃ ሥር የሚያሳይ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ አሳትመዋል። በልጅነታቸው ዘመን በንቀት ይጠራ የነበረው አዝማሪ በእርሳቸው ብዕር በዩኒቨርሲቲ ክፍሎች የሚጠና ባለቅኔና ሙዚቀኛ ሆኖ ቀረበ። ለዚህ ጸሐፊ እንደሚመስለው ይህ ሥራቸው ከኦርኬስትራው ድርሰት ያነሰ ክብር የሚሰጠው አይደለም፤ በአገር ውስጥ የሚያውቀው ሰው ግን ጥቂት ነው።

የሙዚቃ ድርሰትንም አልተውም። ከሥራዎቻቸው መካከል ኮቱሬዥያ የተባለው ለፍሉት፣ ለክላሪኔት፣ ለቫዮሊንና ኮቶ ለተሰኘው የጃፓን የክር መሣሪያ የተጻፈ ነው። የጃፓን ኮቶ እንደ ብዙዎቹ ቅኝቶቻችን በአምስት ድምፅ የሚቃኝ መሆኑን ያስተዋለ አድማጭ ሁለቱ ሩቅ አገሮች በአንድ ክፍል ውስጥ ለምን እንደተገናኙ ይገባዋል። ከዚህ በተጨማሪ ልቦለድና ግጥም ጽፈዋል።

በማስተማሩም በኒውዮርክ በኩዊንስ ኮሌጅ፣ በማሳቹሴትስ በብራንዳይስ ዩኒቨርሲቲ፣ ከ1980 ጀምሮ ደግሞ በፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አገልግለዋል። በመጨረሻው ተቋም የአፍሪካ አሜሪካውያን ባህል ማዕከልን መርተዋል። በዚህ ሁሉ ጊዜ በኢትዮጵያ የ1966ቱ አብዮት ፈንድቶ፣ ዘውዱ ወርዶ፣ ደርግም በተራው አልፏል። እርሳቸው ያቋቋሙት ትምህርት ቤት በሦስቱም መንግሥታት በሩ ሳይዘጋ ተማሪ ሲያወጣ ቆይቷል። ከዚያ የወጡ ወጣቶች በብሔራዊ ቴአትር፣ በፖሊስና በመከላከያ የሙዚቃ ክፍሎች፣ በየትምህርት ቤቱ ተሰማርተዋል። ጥቂቶቹም ወደ ቡልጋሪያና ወደ ሌሎች አገሮች ተልከው ትምህርታቸውን ቀጥለዋል።

በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ትልቁ ቀን ከአገር ውጭ መሆኑ የሚያስቆጭ ነገር አለው። የ1967ቱ ኦርኬስትራ ሰባ ወንበር የተሞላው በሃንጋሪዎች ነበር። ለፕሮፌሰር አሸናፊ የያሬድ ትምህርት ቤት ለዚያ ወንበር የሚሆን ኢትዮጵያዊ የሚወጣበት ቦታ እንደነበር መገመት አያዳግትም። አንድ ልጅ ዛሬ በትምህርት ቤቱ ደጃፍ ሲያልፍ ከመስኮቱ የሚሰማው የቫዮሊን ልምምድ ያው ሥራ ገና እየቀጠለ መሆኑን ያሳያል። ልምምዱ አንድን መሥመር ሃያ ጊዜ ይደጋግማል፤ ለአላፊ አግዳሚው ጆሮ አስደሳች አይደለም።

ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ በፍሎሪዳ ግዛት በታላሃሲ ከተማ ያረፉት ሚያዝያ 30 ቀን 1990 ዓ.ም. ነው። 60ኛ ዓመታቸውን የደፈኑት በዋዜማው ነበር። ያ ዕለት በአዲስ አበባ የልደታ ማርያም በዓል ዋዜማ ነው። በልደታ ሰፈር እናቶች ለማግሥቱ የሚቀቀለውን ስንዴና ሽንብራ ለቅመው አሰናድተዋል፤ ልጆች ከደጅ የሚነድደውን እንጨት ከምረዋል። ከካቴድራሉም ሊቃውንቱ የሌሊቱን ማኅሌት ሲጀምሩ የመጀመሪያው የከበሮ ምት በዝግታ ተሰማ።